ፕሮቲኑ ጨምሯል

«ባቄላውን ልቀሙት!» አለች ሀብትነሽ። «አንድም ፍሬ እንዳይቀር። ወንድሜን የበላ ነገር በወንድሜ ሰልስት አይበላም።»

ሰፌዱን ከበው የተቀመጡት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ። ንፍሮው ገና ከድስት መውጣቱ ነው፤ ይፋጃል። ስንዴው፣ ሽምብራውና ባቄላው ተደባልቆ ከነእንፋሎቱ ተዘርግቷል። አንዷ ጣቷን በትንፋሿ እያበረደች መልቀም ጀመረች፤ ሌሎቹም ተከተሏት።

«ሽምብራውስ?» ስትል ጠየቀች ከመካከላቸው አንዷ።

ሀብትነሽ ትንሽ አሰበች። «ሽምብራ ፕሮቲን አለው እንዴ?»

ሁሉም ወደ ዮርዳኖስ ዞሩ። ዮርዳኖስ የሟቹ የመሪጌታ ገብረ ሕይወት ልጅ ናት። ቡሬ ከተማ ታሪክ ታስተምራለች፤ እዚህ መንደር ግን አስተማሪ የተባለ ሁሉ ሁሉንም ማወቅ አለበት።

«አለው» አለች ጥርሷን ነክሳ። «ስንዴውም ትንሽ ትንሽ አያጣም። ድስቱንም አብራችሁ ጣሉት።»

«ኧረ እግዚኦ!» አለች ጠያቂዋ፤ ቁም ነገር መስሏት በእጇ የያዘችውን ስንዴ ወደ ሰፌዱ መለሰች።

መሪጌታ ከተቀበሩ ወዲህ ዮርዳኖስ በወጉ ለማልቀስ እንኳ ፋታ አላገኘችም። ለቅሶ ቤት ሐኪም አይጠፋም። ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ባለው በዚህ መንደር፣ በእድሩ ድንኳን ሥር ጎንበስ ብሎ የገባ ሁሉ «እግዜር ያጽናችሁ» ይልና ገና ሳይቀመጥ «ለመሆኑ ምን ነበር ያመማቸው?» ይላል። ለመጀመሪያዎቹ፣ እናቷ በማትሰማበት፣ በደንብ አስረዳች። የትልቁ አንጀት ካንሰር ነበር። ባሕር ዳር ኦፕራሲዮን ተደርጎ ወጣ፣ ተመልሶ መጣ፣ ጉበት ገባ። ሰዎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ያዳምጧትና ስትጨርስ ወደ ጎረቤታቸው ዞር ብለው «መጋኛ ነው» ይላሉ። አንዱ ዓይን ነው ይላል፣ ሌላው የታሸገ ውኃ ነው ይላል። ማስረዳቱን ተወችው።

ይህን ሁሉ ችላ ነበር። አክስቷ ስትመጣ ግን ትዕግሥቷ አለቀ።

ሀብትነሽ የመሪጌታ ታላቅ እኅት ናት። መርዶው ሲደርሳት ከገበዝ ማርያም ተነሥታ መጣች። ፍኖተ ሰላም ስትደርስም ወንድሟ መርፌ ይወጋበት ወደነበረ ክሊኒክ ጎራ አለች፤ አንድ ነርስ አግኝታም «ወንድሜን ምን ገደለው?» ብላ ያዘችው። ነርሱ ሥራ በዝቶበት ኖሮ፣ ቆሞ ለማስረዳት ጊዜ አልነበረውም። «እማማ፣ ካንሰሩ ነው። ፕሮቲኑ እኮ በጣም ጨምሮ ነበር» አላት። ከዚያ በኋላ ያላትን አልሰማችውም። ፕሮቲንን ታውቀዋለች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በየስብሰባው «እንቁላል፣ ወተት፣ ባቄላ፤ ገንቢ ምግብ ማለት ፕሮቲን ነው» እያለች ጆሯቸውን አደንቁራዋለች። የወንድሟ ሚስት ደግሞ ባሏን በእንቁላል ስትቀልብ እንደከረመች አገር ያውቃል። ሀብትነሽ ሁለቱን ገጣጠመችና እየጮኸች ድንኳኑ ገባች፤ ደረቷን እየደቃችም ሙሾ አወረደች።

«እኔ ያሳደግሁት በቆሎ ጠብሼ፣
እንቁላል ጨረሰው ብመጣ ተመልሼ።»

አልቃሾቹ ተቀበሏት። ግጥሙ ቤት መታ፤ ቤት የመታ ነገር ደግሞ በዚህ አገር ምስክር አያስፈልገውም። በማግስቱ ውኃ ቀጂዎቹ ሁሉ ይሉት ጀመር።

የሟቹ ባለቤት እህተ ማርያም ከውስጥ ሆና ሰምታዋለች። አልተቆጣችም፣ አልመለሰችም። ከዚያች ሰዓት ጀምራ ግን እህል በአፏ አልዞረም። ጎረቤት እዝን ይዞ ሲመጣ ለሌላው ታቀርባለች፤ እሷ ጓዳ ገብታ ግድግዳው ሥር ትቀመጣለች።

በሰልስቱ ማግስት፣ ሰው ቀለል ባለበት ሰዓት፣ ዮርዳኖስ ሽሮ ፈትፍታ ገባች።

«እማ፣ አንድ ጉርሻ ብቻ። ስለ ማርያም።»

«አይወርድልኝም።»

«ሰው በሙሾ ተሰደበ ብሎ ራሱን በረሃብ ይገድላል?»

«ሙሾ አይደለም፤ እውነቷን ነው» አለች እናቷ። «ቀቅዬ ያቀረብሁት እኔ ነኝ። ልጄ፣ አንድ ነገር ቆርጫለሁ። ከሰባቱ በኋላ አባ ባምላኩን አነጋግራቸዋለሁ። ቆቤን ደፍቼ ገዳም እገባለሁ። የሰው ነፍስ በእጄ ይዤ እዚህ ቤት አልቀመጥም።»

ዮርዳኖስ ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠችው። ምንኩስናን አትጠላም፤ አያቷም መነኩሲት ሆነው ነው ያረፉት። ነገር ግን ሰው ለእግዜር ብሎ ይመነኩሳል እንጂ ለእንቁላል ብሎ አይመነኩስም። አባቷን ቀብራ ሳትጨርስ እናቷ ደግሞ በቁሟ ልትሄድባት ነው፤ ያውም ባልሠራችው ወንጀል። የሚያሳብዳት ደግሞ ነገሩን በአንድ ቃል ልትቆርጠው መቻሏ ነበር። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ አለ። አውጥታ ልትናገረው ግን አትችልም፤ ተገዝታለች።

የገዘቷት አባቷ ናቸው። ያን ቀን ባሕር ዳር፣ ሐኪሙ ዘንድ አብረው ገብተው ነበር። ኦፕራሲዮኑ ከተደረገ ወራት አልፈው፣ መሪጌታ ሥጋ ለበስ አድርገው፣ ወደ ጉባኤያቸው ተመልሰው ቅኔ ማስተማር ጀምረው ነበር። ሐኪሙ የዮርዳኖስ እኩያ ነው። ወንበሩን ወደ እሳቸው ሳበ።

«አባቴ፣ የደሙ ውጤት መጥቷል። ያ ባለፈው የነገርኩዎት ፕሮቲን ጨምሯል።»

«ታዲያ ደግ አይደለም?» አሉ መሪጌታ። «እኛ አገር ፕሮቲን ብሉ፣ ፕሮቲን ብሉ ነው የሚባለው።»

«ይኼ የሚበላው አይደለም። ካንሰሩ ራሱ ሠርቶ ደም ውስጥ የሚለቀው ነው። ቤት ሲቃጠል እሳቱ ሳይታይ ጭሱ ይታይ የለ? እንደሱ ነው። ኦፕራሲዮን ስናደርግልዎ ወርዶ ነበር። አሁን በየምርመራው ሽቅብ እየወጣ ነው። በአልትራሳውንድም አየነው፤ ጉበትዎ ላይ አለ።»

«ገዳዩ እሱ ፕሮቲን የምትለው ነው?»

«አይደለም። እሱ የሚነግረን ነው።»

«መርዶ ነጋሪ በለኛ» አሉ መሪጌታ።

ሐኪሙ አንገቱን ብቻ ነቀነቀ።

«ሌላ ፋሲካ አያለሁ?»

ዮርዳኖስ አባቷ እንዲህ ቀጥ ያለ ጥያቄ ሲጠይቁ ሰምታ አታውቅም። ሰም ሳይለብስ ከአፋቸው የሚወጣ ነገር አልነበረም። ትንሽ ልጅ ሳለች ጫማ ግዙልኝ ብላ ብታለቅስ «ስንት እግር አለሽ?» አሏት፤ «ሁለት» ብትላቸው «ሁለት ካለሽ ምን ጎደለሽ?» ብለው ሄዱ። ጫማውን ገበያ ውለው ማታ ይዘውላት መጡ፤ ግን እስከ ማታ አልቅሳለች። ሰገራቸው ላይ ደም መታየት ሲጀምርም እንዲሁ ነበሩ። «ኪንታሮት ነው፤ ወንበር ዘርግቶ የሚያስተምር ሰው ኪንታሮት አያጣውም፤ መምህርነቴን ያረጋገጠልኝ እሱ ብቻ ነው» እያሉ ሥር እየጨመቁ ተቀመጡ። በግድ ጎትታ ሐኪም ቤት ስታደርሳቸው በሽታው ሥር ሰድዶ ነበር። ዛሬም ድረስ ያ ኪንታሮት የተባለ ቃል ሲነሣ ደሟ ይፈላል።

«ሕክምናው ጊዜ ይሰጥዎታል» አለ ሐኪሙ። «ብዙ ግን አልልዎትም፤ አልዋሽዎትም።»

«ተባረክ» አሉ መሪጌታ። ተነሡ፤ እጁን በሁለት እጃቸው ይዘው ተሰናበቱት።

በሩ ላይ ሲደርሱ ዮርዳኖስ ማልቀስ ጀምራ ነበር። እሳቸው ጥላቸውን ዘርግተው ቆሙ።

«ለእናትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ።»

«እንዴት አባባ? ሚስትዎ አይደለችም? መስማት አለባት!»

«ትሰማለች፤ ጊዜው ራሱ ይነግራታል። አሁን ብትሰማ ከዛሬ ጀምራ ልታለቅስ ነው። እኔ ሳልሞት የእኔን ለቅሶ ልቀመጥ?»

«ይሄ ልክ አይደለም።»

«በሥላሴ ስም ገዝቼሻለሁ» አሉ፤ ድምፃቸውን እንኳ ሳይለውጡ። «እኔ በሕይወት እያለሁም ሆነ ስሞት፣ ከሐኪሙ የሰማሽውን ለእህተ ማርያም እንዳትነግሪ።» ከዚያ እንደራባቸው ተናግረው ወደ ምግብ ቤት መንገድ ጀመሩ።

ወደ መንደራቸው ሲመለሱ እናቷ አስፋልቱ ዳር ቆማ ትጠብቃቸው ነበር። ሚኒባሱ ገና ሳይቆም «ምን አሉ?» አለች። መሪጌታ ቀስ ብለው ወረዱ፣ ኩታቸውን አስተካከሉ።

«ፕሮቲኑ ጨምሯል አሉ።»

አልዋሹም። ሐኪሙ ያለውን ቃል በቃል ነው የነገሯት። ሰሙን ሰጧት፣ ወርቁን ለራሳቸው አስቀሩ። እህተ ማርያም ግን እዚያው አስፋልቱ ላይ እልል አለች። ያቺ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ያለችው ሁሉ እውነት መሆኑ ነው፤ ባሏ ሰውነት እየገነቡ ነው። የባጃጅ ሾፌሮች ሳይቀሩ ዞረው አዩዋት። ዮርዳኖስ ዕቃ የምታወርድ መስላ ፊቷን ወደ ሚኒባሱ አዞረች።

ከዚያ በኋላ የዚያ ቤት እንቁላል ገበያ መውጣት አቆመ። ጠዋት ይቀቀላል፣ ማታ ይቀቀላል። የጾም ቀን ሲሆን አሹቅና ሽምብራ ይቀርባል። እህተ ማርያም ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ፣ ልጣጩን በጣቷ ልጣ፣ ጨውና ሚጥሚጣ ነስንሳ ትሰጣቸዋለች፤ እስኪጨርሱ አትነሣም። ኔትወርክ በሠራ ቀን ቡሬ ትደውላለች። «ዛሬም ሁለቱን ጨረሱልኝ! ፊታቸው ወዛ፣ ብታያቸው!» ትላለች። ከዚያ መሪጌታ ስልኩን ይቀበሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ደስ ብሏታል፤ ተያት» ይላሉ። ዮርዳኖስ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ክፍል ገብታ ልጆች ላይ ትጮህ ነበር። መንገድ ሲዘጋ ቀጠሮው ያልፋል፤ ሲከፈት ይሄዳሉ፤ ደግሞ ይዘጋል። መሪጌታ ፋሲካን አዩ። ከዚያ ግን ብዙ አልቆዩም።

አሁን ድንኳኑ ውስጥ የእድሩ ዳኛ አያ ደጀኔ በቡና መካከል ትምህርት እየሰጡ ነው።

«እኔ ከዛሬ ወዲያ ፕሮቲን የሚባል ነገር አልነካም» አሉ። «የከተማ ሰው ያመጣብን ጣጣ ነው። አባቶቻችን ፕሮቲን በልተው ያውቃሉ?» እንጀራውን በሽሮ አጥቅሰው ጠቅልለው ጎረሱ። ደገሙ።

«አያ ደጀኔ» አለች ዮርዳኖስ፤ «የያዙት ከምን የተሠራ ነው?»

«ከሽሮ ነዋ።»

«ሽሮስ?»

አያ ደጀኔ ጉርሻውን ባፋቸው እንደያዙ ማላመጥ አቆሙ። ዙሪያቸውን አዩ። ሰው ሁሉ የሚሉትን ይጠብቃል። ቀስ ብለው ዋጡትና «ለቅሶ ላይ የተበላ አይቆጠርም» አሉ።

ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። አክስቷ ከወዲያ ጥግ ገና ለመጣች አንዲት ለቀስተኛ ታሪኩን ከመጀመሪያው እየጀመረችላት ነው። «ጠዋትና ማታ ስልሽ! ኸዚያ ነው እንግዲህ ፕሮቲኑ ያደረበት!» የጓዳው መጋረጃ ነቅነቅ ሲል ታየ፤ እናቷ እየሰማች ነው። ዮርዳኖስ ተነሥታ ነጠላዋን አጣፋች፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣች።

ቄስ ባምላኩ ለነፍስ አባትነት ከመብቃታቸው በፊት የመሪጌታ ደቀ መዝሙር ነበሩ። ዐጸዱ ውስጥ፣ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ባለ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። መስቀል ተሳለመች።

«አባ፣ የሞተ ሰው የገዘተውን ማን ይፈታዋል?»

«ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ይላሉ አበው...»

«ምሳሌ አልፈልግም አባ፤ ይቅር ይበሉኝ። ምሳሌ እኛ ቤት ሞልቶ ፈስሷል። እናቴ እህል አትበላም። በሌለ ኃጢአት ልትመነኩስ ነው፤ ከሰባቱ በኋላ ወደ እርስዎ ትልካለች። እውነቱን ብነግራት ይቆማል፤ እንዳልነግራት አባቴ ገዝተውኛል።»

ቄስ ባምላኩ ቀና አሉ። «ምን ብለው ገዘቱሽ? ቃሉን ንገሪኝ።»

«በሥላሴ ስም ገዝቼሻለሁ ብለው ነዋ።»

ቄሱ ለአፍታ አዩዋት። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሏት ደነገጠች። እየሳቁ ነበር፤ ጥምጥማቸው እስኪላላ ድረስ፣ አፋቸውን በጋቢያቸው ይዘው ይስቃሉ።

«ምን የሚያስቅ አለ?» አለች፤ እንባዋ መጣ።

«ልጄ፣ ግዝት የቄስ ሥልጣን ነው። ማሰርም መፍታትም ለቄስ ነው የተሰጠ። የኔታ ደግሞ መቼ ቀሰሱ? ድቁና ብቻ ነው ያላቸው። ቅስና ይቀበሉ ሲባሉ ‹ወንበሬ ይበቃኛል› እያሉ አይደል የኖሩት?»

እውነት ነው። አባቷ ማኅሌት ይቆሙ ነበር፣ ቅኔ ይቀኙ ነበር፤ ቀድሰው ግን አያውቁም። መሪጌታ የተባለ ሁሉ ቄስ እየመሰላት ኖራለች።

«ስለዚህ አልታሰርሁም?»

«አንድም ቀን አልታሰርሽም።»

«ይህን ሳያውቁ ነው?»

«የኔታ?» ቄሱ እንደገና ሊስቁ ደርሰው ተዉት። «ይህን ለእኔ ያስተማሩኝ እኮ እሳቸው ናቸው።»

ያን ሁሉ ወራት ምላሷን ነክሳ የከረመችው በባዶ ነበር። እናቷ በስልክ እልል ስትል «ጎሽ እማ» ያለችው በባዶ ነበር። «ታዲያ ለምን? ለምን በማያስር ነገር ያስሩኛል? ወይ ሐኪሙ ዘንድ ባላስገቡኝ፣ ወይ ባላሰሩኝ! አንዴ እንኳ፣ አንዴ እንኳ እንደ ሰው ቢናገሩ ምን ነበረበት?»

«እሱን እኔ አልፈታልሽም» አሉ ቄስ ባምላኩ። «የቅኔ መምህር ግን የማይፈታ ነገር አያስርም። ግዝቱ ግዝት አይደለም፤ የአባት ቃል ግን ቃል ነው፤ መጠበቁም መተዉም ያንቺ ነው። እናትሽን እኔ ቆብ አላለብሳትም። ግን እምቢ ብላት ሌላ ትፈልጋለች። ወደ ማታ እመጣለሁ።»

እየሮጠች ማለት ይቻላል፣ ቁልቁለቱን ወረደችው። ጓዳ ስትገባ እናቷና አክስቷ ብቻቸውን ናቸው። ሀብትነሽ ለራሷ እዝን እየበላች ነው፤ እናቷ ግድግዳው ሥር ናት። መደቡ ላይ መሪጌታ ተኝተው ያረፉበት ጋቢ ማንም ሳያነሣው እንደተዘረጋ ቀርቷል።

«እማ፣ የምነግርሽ አለ። እትዬም ይስሙ። በተለይ እትዬ ይስሙ።»

ከሐኪሙ ክፍል ጀምራ ነገረቻቸው። ስለ ጭሱም፣ ስለ ጉበቱም፣ ስለ ፋሲካውም። ፕሮቲኑ ከምግብ እንደማይመጣ፣ ካንሰሩ ራሱ እንደሚሠራው፣ ሐኪሞቹ በሽታው ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቁበት ምልክት እንጂ የሚገድል ነገር እንዳልሆነ ነገረቻቸው። ሀብትነሽ ጉርሻዋን እንደያዘች ቀረች።

«እሱስ ይሁን» አለች በመጨረሻ። «ግን እንቁላሉ ባይጨምርበት...»

«እትዬ! እንቁላሉ የተጀመረው ፕሮቲኑ ጨመረ ከተባለ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት በዚህ ቤት ማን እንቁላል በልቶ ያውቃል? ሁሉ ገበያ አይደል የሚሄድ? ገና ያልበሉት እንቁላል እንዴት አድርጎ ነው የሚያሳምማቸው?»

ሀብትነሽ አሰበች። «ታዲያ ያ ነርስ የተባለው ለምን እንዲያ አለኝ?»

«እውነቱን ነው ያለዎት። ሳይጨርስ የሄዱት እርስዎ ነዎት።»

እህተ ማርያም ይህን ሁሉ ሲባባሉ አልሰማችም መሰል፣ ዓይኗ ከልጇ ፊት አልተነሣም። «ያውቁ ነበር?» አለች።

«ያውቁ ነበር እማ።»

«አስፋልቱ ላይ እልል ስል?»

«ያን ጊዜም ያውቁ ነበር። አንቺ ደስ እንዲልሽ ነው።»

ሀብትነሽ ግን እንዲሁ መሸነፍ አልሆነላትም። ጉርሻውን ወደ ሳህኑ መለሰችው። «ይሁና! ቢሆንስ ታዲያ ወንድሜን የማይወደውን ለምን ታስገድጂዋለሽ? ገብሬ ኸልጅነቱ ጀምሮ የእንቁላል ጠላት አይደለም? እናታችን ስትቀቅል ሽታው ያስመልሰው ነበር፤ ቤቱን ጥሎ ነበር የሚወጣው!»

እህተ ማርያም ወደ እሷ ዞረች። «ማን? መሪጌታ?»

«አታውቂም እንዴ?»

«እንቁላል በቤታችን ተቀቅሎ አያውቅም ነበር... እኔ እኮ...» ቃሏ ተቆረጠ። «እኔ ስልጥላቸው ‹ጨምሪልኝ› ነበር የሚሉኝ።»

ሀብትነሽ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ድንኳኑ ውስጥ ካለቀሰችው ሁሉ ይልቅ አሁን ነው የእውነት ያለቀሰችው፤ ያለ ግጥም፣ ያለ ድምፅ።

እህተ ማርያም ግድግዳውን ተደግፋ ተነሣች። ዮርዳኖስ ልትይዛት ብትል በእጇ ገፋቻት። መደቡ አጠገብ ሄዳ ቆመች።

«አንቱ...» አለች ወደ ጋቢው። አልበቃትም። በኖረችው ትዳር ሁሉ የምትላቸው አንቱ ብቻ ነበር፤ በጥሉም በፍቅሩም አንድ ቀን ከዚያ ወርዳ አታውቅም። «አንተ!» አለች። «አንተ ሽማግሌ! ያስመልስሃል አሉ! ጨምሪልኝ ትለኝ ነበር? እኔ ስልጥልህ፣ እኔ ደስ ሲለኝ፣ ዝም ብለህ ታየኝ ነበር?» ጋቢውን በጡጫዋ መታችው። ደገመችው። «ንገረኛ! አንድ ቀን እንኳ ንገረኛ!»

ከመጋረጃው ማዶ ሳል ተሰማ። ቄስ ባምላኩ ናቸው።

«እህተ ማርያም፣ ልታነጋግሪኝ እንደምትፈልጊ ሰማሁ።»

«ትንሽ ይቆዩኝ አባ» አለች ሳትዞር፤ እንባዋ በአገጯ ይወርዳል። «አሁን ከባሌ ጋር ጥል ላይ ነኝ።»

ቄሱ ሌላ ቃል አልተናገሩም። የእግራቸው ድምፅ ወደ ድንኳኑ ራቀ። እህተ ማርያም መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። በጡጫዋ የተጨማደደውን ጋቢ በመዳፏ እያሸች ደለደለችው፤ ከዚያ የግርጌውን ጫፍ ሳብ አድርጋ፣ እግር እንዳይበርደው የምትሸፍን ያህል፣ እስከ መጨረሻው ዘረጋችው።